የቀናው ቧንቧ ለታጠፈው ምስክር አይሆንም

ከብረት የተሠራ ነገር ሁሉ፥ ምንም እንኳ ሲያዩት የማይናወጥና የማያልፍ ቢመስል፥ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እያረጀ የሚሄድ ነው። የድልድይ ብረት ሲዝግ መንገደኛ ያየዋል፤ የጣራ ቆርቆሮ ሲበሳ ዝናቡ ይናገርበታል። ቧንቧ ግን በአብዛኛው የሚበላው ከውስጥ ነው። በላዩ ቀለም ተቀብቶ፥ በአያሌ ስፍራም ሙቀት እንዳያመልጥ በወፍራም ልባስ ተጠቅልሎ፥ ለተመልካች እንደ አዲስ እያማረ፥ ከውስጡ የሚሄደው እንፋሎት ወይም ዘይት ወይም መርዝ ያለበት ፈሳሽ ግድግዳውን ቀስ በቀስ ልጦ ይጨርሰዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ቧንቧ በሽታውን የሚደብቀው ወዶ ሳይሆን በአሠራሩ ስለ ሆነ፥ የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ በሽታውን የሚያይበት ዘዴ ሊኖረው ግድ ነው።

ከቧንቧም ሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚያሻው መታጠፊያው ነው። ይህንን መታጠፊያ በኢትዮጵያ ያሉ የቧንቧ ሠራተኞች ከጣሊያን ቋንቋ በወረሱት ቃል ጎሚቶ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ክርን ማለት ነው። በቀና ቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ፈሳሽ ግድግዳውን እየታከከ በሰላም ያልፋል፤ ክርኑ ዘንድ ሲደርስ ግን መንገዱን በግድ መለወጥ ስላለበት የውጪውን ግድግዳ ይገፋል፥ ይሽከረከራል፥ ይናወጣል፤ አሸዋ ይዞ እንደ ሆነም እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ብረቱን ከመበላት የሚጠብቀው ቀጭን ሽፋንም በዚሁ ስፍራ እየታጠበ ይሄዳል።

እንግዲያውስ መታጠፊያውን ትቶ ቧንቧውን ሁሉ ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ነው የሚል ቢኖር፥ ይህ የማይሆን ነገር ነው። ብረት በሙቀት ይረዝማል። 100 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ150 ዲግሪ ሲጨምር 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህም ጭማሪ መሄጃ ካላገኘ ቧንቧው ድጋፉን ይነቅላል፥ አለዚያም ራሱ ይሰበራል። ስለዚህ መሐንዲሶች እንፋሎት የሚሄድበትን ቧንቧ አስበውና ቈጥረው በየመካከሉ ያጥፉታል። መታጠፊያው ለቧንቧው ማረፊያውም መከራውም ነው ማለት ይቻላል።

ይህ መከራ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ የሆነው ነገር ያስረዳል። በዚያ ከተማ በነበረው ትልቅ የነዳጅ ማጣሪያ፥ ሰኔ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁን 21 ቀን 2019) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚባለው ብርቱ መርዝ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አንድ ጎሚቶ ተቀደደ። ከቀዳዳውም በአብዛኛው ፕሮፔን የሆነ ጋዝ ወጥቶ እንደ ደመና ተዘረጋና ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ በእሳት ተያያዘ። ከተከታተሉትም ፍንዳታዎች በመጨረሻው፥ 17 ሺህ ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የብረት ጋን ስባሪ ከስፍራው ተወርውሮ የስኩልኪልን ወንዝ ተሻግሮ ወደቀ። ሰው አለመሞቱ የሚያስደንቅ ነው። ማጣሪያው ግን ተዘግቶ ቀረ፤ አንድ ሺህ ያህል ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ።

ነገሩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ የተቀደደውን ብረት አስመዝኖና አስለክቶ ያገኘው ነገር እጅግ የሚያስተምር ነው። ጎሚቶው የተተከለው በ1973 ገደማ ነበር። በተቀደደበት ስፍራ የቀረው ውፍረት 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበረ፤ ይህም ሦስት የጽሕፈት ወረቀት ተደራርቦ ከሚሆነው ውፍረት አይበልጥም። ከጐኑ ያሉት ቧንቧዎች ግን ገና ደኅና ነበሩ። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ ጎሚቶው የቀለጠበት ብረት ከጎረቤቶቹ ይልቅ ብዙ ኒኬልና መዳብ የተቀላቀለበት ሆኖ፥ እንዲህ ያለው ብረት በዚያ አሲድ ፈጥኖ የሚበላ ስለ ሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። የዚያ ማጣሪያ ሰዎች ቧንቧቸውን ጨርሰው የማይመረምሩ ሰነፎች አልነበሩም። በዚያው መስመር ላይ የተወሰኑ ስፍራዎችን መርጠው ውፍረታቸውን በየጊዜው ይለኩ ነበር፤ የተለኩትም ስፍራዎች ደኅና ሆነው ይገኙ ነበር። ያ ጎሚቶ ግን ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ አልነበረም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ መስመሩ ሁሉ ጤናማ ሆኖ ይነበብ ነበር፤ መዝገቡም ውሸት አልጻፈም፤ የጻፈው ስለ ጎረቤቱ ነበርና። ጎረቤቱ ደኅና ስለ ሆነ እርሱም ደኅና ነው ብሎ መፍረድ በሰው መካከል እንኳ የማያዛልቅ ፍርድ ሲሆን፥ በብረትም መካከል ይኸው አደጋ አመጣ።

የዚህም ዓይነት ፍርድ የመጀመሪያ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሃምበር ወንዝ አጠገብ ባለው የነዳጅ ማጣሪያ ሚያዝያ 8 ቀን 1993 ዓ.ም. (አፕሪል 16 ቀን 2001) ጋዝ የሚሄድበት ቧንቧ ጎሚቶው ላይ ተቀድዶ ታላቅ ፍንዳታ ሆነ። ያ ዕለት የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነበረ፤ በዚያ ዓመት የምሥራቁም የምዕራቡም ፋሲካ በአንድ ቀን የዋለ ነበር። በበዓሉ ምክንያት በግቢው ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ከወትሮው ያነሰ ስለ ነበረ የሞተ ሰው አልነበረም። ጎሚቶው ከመነሻው 7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሲሆን፥ በተቀደደበት ስፍራ የቀረው እንደ ፊላዴልፊያው 0.3 ሚሊ ሜትር ነበር። ከጎሚቶው ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ጋዙ ውሃ የሚረጭበት ቀዳዳ ተሠርቶ ነበርና፥ ውሃው ከጋዙ ጋራ እየተጋጨ መታጠፊያውን አጥቦ በላው። ይህም ቧንቧ ሥራ ከጀመረበት ከ1981 አንሥቶ እስከዚያ ቀን ድረስ በ20 ዓመት ውስጥ ሙሉ ምርመራ ሳይደረግለት ቆይቷል።

በቨርጂኒያ ግዛት በሰሪ የአቶም ኤሌክትሪክ ጣቢያ ኅዳር 30 ቀን 1979 ዓ.ም. (ዲሴምበር 9 ቀን 1986) የሆነው ግን ሕይወት አጥፍቷል። ለማሞቂያው የሚሄደውን ፍል ውሃ የሚያሳልፍ፥ 18 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ጎሚቶ በድንገት ተተረተረና በአጠገቡ የነበሩትን ስምንት ሠራተኞች አቃጠለ፤ ከነርሱም አራቱ ሞቱ። በውስጡ ይሄድ የነበረው አሲድ ወይም መርዝ አልነበረም፤ የተጣራ ውሃ ነበር። ንጹሕ ውሃ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ብረት ልጦ ይጨርሳል ብሎ የሚጠረጥር በዚያን ጊዜ ጥቂት ስለ ነበረ፥ እንዲህ ያለውን ቧንቧ ለመሳሳት መመርመር ገና ልማድ አልሆነም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ ሆኖም በጃፓን አገር በሚሃማ ጣቢያ በ2004 እንደዚሁ ያለ ቧንቧ ፈንድቶ አምስት ሰዎች ሞቱ። ይህኛው ጎሚቶ አልነበረም፥ ነገር ግን ፍሰቱ የሚታወክበት ስፍራ ነበር፤ የሚመረመሩ ስፍራዎች በተዘረዘሩበት መዝገብ ላይ ሳይጻፍ ቀርቶ 28 ዓመት ሙሉ ማንም ሳይለካው ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ሳስቶ ተገኘ።

እንግዲህ የሰው ጥበብ ለዚህ ነገር ምን መላ አገኘ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መላው ድምፅ ነው። ድምፅን ለምርመራ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ ሴት መታ መታ አድርጋ ሳታዳምጥ ገንዘቧን አትሰጥም፤ ደኅናው እንስራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናልና። በጠገራ ብር ዘመንም ነጋዴው ብሩን ከድንጋይ ጋራ አጋጭቶ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በድምፁ ይለይ ነበር። የባቡር ሠራተኞችም መንኰራኵሩን በመዶሻ እየመቱ ያዳምጡ ነበር። ዛሬ የተጨመረው ነገር ቢኖር ድምፁ ከሰው ጆሮ በላይ መሆኑና አድማጩ መኪና መሆኑ ነው።

የሰው ጆሮ በአንድ ሴኮንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ አይሰማም፤ ከዚያ በላይ ያለው አልትራሶኒክ ይባላል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፍሎይድ ፋየርስቶን በ1940 የፈጠራ መብት የጠየቀበት መሣሪያ፥ ይህን ድምፅ ወደ ብረት ልኮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ በማዳመጥ በውስጡ ያለውን እንከን ይገልጥ ነበር። እስከ ዛሬም የቧንቧ ውፍረት የሚለካው በዚሁ ዘዴ ነው። ድምፁ በሴኮንድ አያሌ ሚሊዮን ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ስለ ሆነ ልኬቱ እጅግ የተጣራ ነው፤ ነገር ግን የሚያየው ከሥሩ ያለውን፥ ከአንድ ሳንቲም ስፋት እምብዛም የማይበልጠውን ስፍራ ብቻ ነው። ቧንቧው በኪሎ ሜትር የሚቈጠር፥ ከፊሉም ከመሬት በታች ወይም ከፍ ባለ ማማ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፥ በሳንቲም እየለኩ መጨረስ አይቻልም።

ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ ዓይነት ሞገድ ፈለጉ፤ ይኸውም የሚመራ ሞገድ የሚባለው ነው። ሆራስ ላምብ የሚባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1917 በሁለት ፊቶች መካከል በተወሰነ ሳሕን ውስጥ ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ በቀመር ጽፎ ነበር፤ ዴኖስ ጋዚስ ደግሞ በ1959 ይህንኑ ውስጡ ክፍት በሆነ ሲሊንደር፥ ማለት በቧንቧ ግድግዳ ላይ አሳየ። ነገሩ በወረቀት ላይ ብዙ ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነበሩት ፒተር ካውሊና ዴቪድ አሌይን ከሥራ ባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው ለፋብሪካ የሚሆን መሣሪያ አደረጉት።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ብዙ ትንንሽ ድምፅ ሰጪዎች የተደረደሩበት ቀለበት እንደ አምባር ሆኖ ቧንቧውን ዙሪያውን ይከባል። ለዚህም ከልባሱ የሚገለጠው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሰጪዎቹ በአንድነት በሴኮንድ ከ20 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚንቀጠቀጥ፥ ቧንቧውን የሚጠመዝዝ ሞገድ ይለቃሉ። ግድግዳው ራሱ እንደ ቦይ ሆኖ ሞገዱን ይመራዋል፤ ሞገዱም በሴኮንድ 3,200 ሜትር ያህል እየተጓዘ ብየዳ ወይም ዝገት ሲያገኝ ከፊሉ ይመለሳል። የተመለሰው ድምፅ ከ12.5 ሺኛ ሴኮንድ በኋላ ቢሰማ፥ ሄዶ የተመለሰው 40 ሜትር ነውና እንከኑ ያለው 20 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ብየዳው ቧንቧውን ዙሪያውን እኩል ስለሚከበው ሞገዱን በመጣበት መልኩ ይመልሰዋል፤ በአንድ ወገን ብቻ የበላ ዝገት ግን ሞገዱን ወደ ሌላ መልክ፥ ቧንቧውን ወደ ጐን ወደሚያጥፍ ሞገድ ለውጦ ይመልሰዋል። መርማሪው ብየዳን ከዝገት የሚለየው በዚህ ነው። በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በአሥር በአሥሮች የሚቈጠር ሜትር መመርመር፥ ከመንገድ ሥር የተቀበረውንም ሳይቈፍሩ ማዳመጥ፥ በእውነት የሚያስመሰግን ጥበብ ነው።

ይህ ሁሉ ምስጋና ግን የቀናውን ቧንቧ የሚመለከት ነው። ሞገዱ ጎሚቶው ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል።

ለምሳሌ የውጪ ስፋቱ 168 ሚሊ ሜትር የሆነውን፥ በየፋብሪካው የተለመደውን ባለ 6 ኢንች ቧንቧ ቢወስዱ፥ የተለመደው ባለ ማዕዘን ጎሚቶው በውጪው ጀርባው ሲለካ 492 ሚሊ ሜትር ያህል፥ በውስጠኛው ሆዱ ሲለካ 228 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የውጪው መንገድ ከውስጡ መንገድ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል ማለት ነው። ሰልፈኛ ወታደር ወደ ጐን ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ባለበት እየረገጠ የውጪውን ይጠብቀዋል፤ ስለዚህም ሰልፉ ሳይፈርስ ይታጠፋል። ሞገድ ግን አይጠብቅም። በሆዱ በኩል ያለው ቀድሞ ይወጣል፥ በጀርባው በኩል ያለው ይዘገያል፥ በመካከልም ያለው ወደ ጐን ይሳባል፤ አንድ ሰልፍ ሆኖ የገባው ተበታትኖ ይወጣል። ከመታጠፊያውም ወዲያ የድምፁ ኀይል በአንድ ወገን ሲጠራቀም በሌላው ወገን ይሳሳል።

ከዚህም የባሰው ሁለተኛው ነገር ነው። ጠምዛዥ ሆኖ የገባው ሞገድ በጎሚቶው ውስጥ ከፊሉ ወደ ጐን አጣፊ ሞገድ ሆኖ ይለወጣል። ይህ ደግሞ መርማሪው የዝገት ምልክት ነው ብሎ የሚፈልገው ያው ሞገድ ነው። እንግዲህ ከጎሚቶው ወዲያ ያለ ደኅና ብየዳ እንደ ዝገት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ እውነተኛው ዝገት ደግሞ ድምፁ በሳሳበት ወገን ከሆነ ሳይታይ ያልፋል። ንጹሑ ይከሰሳል፥ በደለኛው በነጻ ይሰናበታል። በጎሚቶው በራሱም ላይ እንዲሁ ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ብየዳ አለ፤ በሴኮንድ 50 ሺህ የሚንቀጠቀጠው ሞገድ አንዱ እርምጃው 6.4 ሳንቲ ሜትር ነውና፥ አምስት ንዝረት የያዘ አንድ ምት 32 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። የጎሚቶው መካከለኛ ርዝመት ደግሞ 36 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሁለቱ ብየዳዎች ጩኸት በዚህ ጠባብ ስፍራ ሲሰማ በመካከላቸው ያለው የዝገት ሹክሹክታ በቀላሉ አይለይም።

ሦስተኛም ነገር አለ፥ እርሱም የቀናውንም ቧንቧ የሚነካ ነው። ይህ መሣሪያ በተለመደው አሠራር በደኅና የሚያየው ከግድግዳው ዙሪያ ስፋት 5 ከመቶ ያህል የሚሆን ጉድለት ሲደርስ ነው። የዚያው ባለ 6 ኢንች ቧንቧ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ግድግዳውን በስቶ ቢያልፍ እንኳ የሚያጐድለው 2 ከመቶ ብቻ ነው። ቧንቧው እየፈሰሰ መሣሪያው ደኅና ነው ሊል ይችላል ማለት ነው። ሰፋ ብሎ የሳሳውን ይይዛል፤ ጠበብ ብሎ የጠለቀውን ያመልጠዋል።

ሊቃውንቱ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት በእንግሊዝ፥ በጃፓንና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ሞገድ በጎሚቶ ውስጥ እንዴት እንደሚሰበርና እንደሚለወጥ በኮምፒዩተር ቀምረው በብረትም ፈትነው ጽፈዋል። አንዳንዶቹ እያንዳንዱን ድምፅ ሰጪ በተለያየ ጊዜ በማስነሣት ሞገዱ ከመታጠፊያው በኋላ በሚፈለገው ነጥብ ላይ እንዲገናኝ ያደርጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ በጎሚቶው ሁለት ጫፎች ሁለት ቀለበት አስረው፥ አንዱ እየላከ ሌላው እየተቀበለ፥ በመካከል ያለፈውን ድምፅ ሁሉ ሰብስበው የጎሚቶውን የውፍረት ካርታ ይሥላሉ፤ ሐኪም የሰውን ሰውነት በራጅ ዙሪያውን አንሥቶ በውስጡ ያለውን እንደሚሥል ያለ ሥራ ነው። ቀለበቱንም በስፍራው ትቶ የዛሬውን ድምፅ ከአምናው ጋራ ማስተያየት ይቻላል፤ የሙቀትና የብርድ ለውጥ ድምፁን እንደሚለውጠው ካልተዘነጋ ይህ ከሁሉ የሚሻል ይመስላል፤ ጎሚቶው የሚነጻጸረው ከጎረቤቱ ጋራ መሆኑ ቀርቶ ከራሱ ጋራ ይሆናልና።

ይህ ሁሉ እያለ፥ በብዙ ፋብሪካ ዘንድ የሚታሰበው ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ መሣሪያው በአንድ ቀን ብዙ መቶ ሜትር መረመረ የሚል ወሬ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ሪፖርቱም በቀለም ያጌጠ ሥዕል ይዞ ሲመጣ ጎሚቶዎቹም አብረው የተመረመሩ ይመስለዋል። በሥዕሉ ላይ መስመሩ ከጎሚቶው ወዲያም አልፎ ስለሚታይ እንዲህ ማሰቡ አያስነቅፈውም። መሣሪያውን የያዘው መርማሪ ግን ከአንድ ጎሚቶ ወዲያ ያለውን በጥርጣሬ ሊያነብ፥ ከሁለተኛው ወዲያ ያለውን ጨርሶ እንደ ተመረመረ ሊቈጥረው እንደማይገባ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ዝም ቢል ጥፋቱ የመሣሪያው ሊባል አይችልም።

ጎሚቶውን ሁሉ አንድ በአንድ መለካት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፥ ልባሱን መግፈፍ፥ መወጣጫ ማቆም፥ አንዳንድ ጊዜም ሥራ ማቋረጥ ያስፈልጋል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጎሚቶ ከቧንቧው ርዝመት ሁሉ ጥቂቱ ነው። የሚመራው ሞገድ ረጅሙንና የቀናውን በርካሽ ዋጋ ከመረመረልን የተረፈው ገንዘብና ጊዜ ሊውል የሚገባው በመታጠፊያው ላይ ነው፤ መሣሪያው የተፈጠረበትም ጥቅም ይህ ነው። አሁን የሚታየው ግን የተረፈው ገንዘብ እንደ ትርፍ ሲቈጠር ነው። በውፍረት መለኪያው የጎሚቶውን ጀርባ፥ ሆዱንና ሁለቱን ጐኖች በመስመር በመስመር እየለኩ መጻፍ የአንድ ሠራተኛ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ከምን ዓይነት ብረት እንደ ተሠራም የሚናገር በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ የፊላዴልፊያው ጎሚቶ ኒኬሉና መዳቡ አስቀድሞ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይጠበቅ ነበር።

ጒዳዩ የሩቅ አገር ጒዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የስኳር ፋብሪካዎች እንፋሎት በቧንቧ እየሄደ ወፍጮውንና ማፍሊያውን ያንቀሳቅሳል፤ በአሉቶ ላንጋኖም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለኤሌክትሪክ የሚሆን እንፋሎት ከከርሰ ምድር የሚወጣበት ቧንቧ ተዘርግቷል። ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት ብረት የሚበላ ጋዝና የሚጋገር ማዕድን ይዞ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ መታጠፊያው ከንጹሕ እንፋሎት መታጠፊያ ይልቅ ዐይን ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ከውጭ አገር መርማሪ ከነመሣሪያው ሲመጣ፥ ምን ያህል ሜትር ትመረምራለህ ብሎ ብቻ መዋዋል ይቀራል፤ የትኞቹን ጎሚቶዎች በእጅ ትለካለህ የሚለው በውሉ ላይ በቍጥር ሊጻፍ ይገባል። ከርሱም ጋራ የሚቆም የአገር ልጅ ሊመደብ ያስፈልጋል፤ መርማሪው ሲሄድ ልኬቱን የሚያስታውስ፥ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ነጥብ ፈልጎ የሚለካ እርሱ ነውና። በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ብየዳ የሚማረው ወጣት ብየዳውን መመርመርም አብሮ ቢማር የሚጨመርበት ጊዜ ብዙ አይሆንም።

ሪፖርቱ በሚጻፍበትም ጊዜ ስለ እያንዳንዱ ጎሚቶ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ቍጥሩ፥ የተተከለበት ዓመት፥ የብረቱ ዓይነት፥ በጀርባውና በሆዱ የተገኘው ውፍረት፥ የለካው ሰው ስም ይጻፍበት። ያልተለካ ጎሚቶ ሲኖር ደግሞ ስፍራው ባዶ አይተው፤ ከጎረቤቱም ቍጥር ተወስዶ አይሞላ፤ አልተለካም ተብሎ በግልጽ ይጻፍና የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከሥሩ ይፈርምበት።